ባለ መቀነቱ ብልቃጥ

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ሳልመነጠር የኖርሁት ሁሉንም ስለምጠረጥር ነው ብዬ አምን ነበር። በሃምሳዎቹ ዓመታት ዳንግላ ገበያ አጠገብ መድኃኒት ቤት ከፍቼ ስሠራ የማልጠረጥረው ሰው አልነበረም። ከአዲስ አበባ መድኃኒት ጭኖ የሚመጣውን ሾፌር እጠረጥራለሁ፤ ካርቶኑን በመንገድ ከፍቶት ቢሆንስ? ባለጋሪውን እጠረጥራለሁ፤ ከመኪናው እስከ ሱቄ ሲያመጣው አንገጫግጮ ሰባብሮት ቢሆንስ? ሳል ያዘኝ ብሎ የመጣውን ሰው እንኳ ሲስል ሳልሰማ አላምነውም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ራስህ ብትመጣም በቀዳዳ አጮልቀህ ሳታይ በር አትከፍትም» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ቀልዷ ያኔ ያናድደኝ ነበር።

ይህ ጠባይ ከሜዳ አልመጣብኝም። በድሬሰርነት ሠልጥኜ ጥቂት ዓመታት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። መድኃኒት ሲያድን አይቻለሁ፤ መድኃኒት መስሎ የመጣ ነገር ሲገድልም አይቻለሁ። በዚያ ላይ በገበያ ቀን አንድ መርፌ ወጊ ከእህል ተራው ማዶ ድንኳን ይጥል ነበር። ድሮ ወታደር ነበርሁ ይላል፤ መርፌ መውጋት የት እንደተማረ ግን አይናገርም። ለራስ ምታትም፣ ለወገብም፣ ልጅ እምቢ ላላትም ያው አንድ መርፌ ነው። ፔኒሲሊኑን ከየት እንደሚያመጣው የሚነግረኝ አጣሁ፤ ከእኔ እንደማይገዛ ግን አውቃለሁ። ባዶ ብልቃጥ እየለቀመ ኖራም ይሁን ዱቄት እየሞላ ይወጋል ብዬ ጠረጠርሁ። ማስረጃ አልነበረኝም። ማስረጃ ማጣቴም ራሱ የባሰ አስጠረጠረኝ፤ ምን ያህል ቢጠነቀቅ ነው እያልሁ።

ባዶ ብልቃጥ የሚፈልገው እሱ ብቻ አልነበረም። ለኩል መያዣ ትመቻለችና ሴቶቹ እየመጡ ይለምኑኛል። እኔ እምቢ ስል ባለቤቴ በጓሮ በር ትሰጣቸዋለች። ስለዚህ መላ ዘየድሁ። ባዶዎቹን ለብ ባለ ውሃ እዘፈዝፍና በላያቸው የተለጠፈውን ወረቀት ሳይቀደድ እልጣለሁ። ብልቃጧ ራቁቷን ወደ ኩሉ ትሄዳለች። ወረቀቱን ግን አልጥለውም፤ ከጣልሁት ያ ሰውዬ ለቅሞ ይጠቀምበታል። በዱቄት ሙጫ ደብተሬ ላይ እለጥፈውና ከሥሩ የሚያበቃበትን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሼ በእጄ እጽፋለሁ። ደብተሩን ደግሞ ቆልፌ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው በዳንግላ ቀርቶ በመላው ጎጃም የለም ብዬ ኮርቼ ነበር።

ፔኒሲሊን ያን ጊዜ ነጭ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ነበር የሚመጣው። አፉ በጎማ ተወትፎ፣ ጎማው ደግሞ በቆርቆሮ ቆብ ታንቆ ይመጣል። የተጣራ ውሃ በመርፌ ጨምረው ሲንጡት እንደ ወተት ይሆናል። በወገቡ ዙሪያ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተሠራበት ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ ፊደል ተጽፎበታል። በወረቀቱ መካከል ቀይ መስመር ዙሪያውን ይሄዳል። ገዢው የፈረንጅ ፊደሉን ምን ያድርገው? የሚያውቀው ቀዩን መስመር ነው። ወገቡን የታጠቀ ይመስላልና «ባለ መቀነቱ» አሉት። ከቆሰበርም፣ ከጥርባም፣ ከሌላውም አገር የሚመጣ ሰው ሱቄ ገብቶ ባለ መቀነቱን ስጠኝ ይላል እንጂ ፔኒሲሊን የሚል አልነበረም። እኔ በሆዴ እስቅባቸው ነበር። ሰው እንዴት ጽሑፉን ትቶ መስመሩን ያምናል እል ነበር።

አንድ ክረምት አዲስ ካርቶን መጣ፤ ስከፍተው መቀነት የለውም። ወረቀቱ ነጭ፣ ፊደሉ ሰማያዊ ሆኖ መጥቷል። እኔማ ወዲያው ጠረጠርሁ። ቆቡን አገላብጬ አየሁ፤ ዱቄቱን ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን አድርጌ በፀሐይ አየሁት፤ ውስጡ ያለውን የመግለጫ ወረቀት ከአሮጌው ጋር ቃል በቃል አስተያየሁ። ላኪዎቹ ፋብሪካው ወረቀቱን ስለለወጠ አትደንግጥ የሚል ደብዳቤ ከካርቶኑ ጋር ልከውልኝ ነበር፤ ደብዳቤውንም ጠረጠርሁት። ሦስት ቀን ከመረመርሁ በኋላ ያው ፔኒሲሊን መሆኑን አመንሁ።

ለእኔ ሦስት ቀን የፈጀውን እምነት ገዢው በአንድ አፍታ እንዲያገኘው መጠበቄን ያኔ ልብ አላልሁትም። እያንዳንዱ ሰው ብልቃጡን ያነሣል፣ ያዞራል፣ መልሶ ያስቀምጣል። አንዳንዱ ይሄ ለከብት ነው ወይ ይለኛል። አንዳንዱ ፊቴን አይቶ ይወጣል። እኔ ሰውን እንደማየው ሰው ሲያየኝ ደሜ ይፈላ ነበር።

ሽማግሌው የመጡት ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ከጥርባ በኩል የመጡ ገበሬ ናቸው፤ ጋቢያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነክቶታል። ልጃቸው የመጀመሪያዋን ወልዳ በስምንተኛው ቀን ትኩሳት ጣላት። በቃሬዛ ተሸክመው ቆሰበር ክሊኒክ አደረሷት፤ ክሊኒኩ ፔኒሲሊን አልቆበታል። የክሊኒኩ ድሬሰር አምስት ብልቃጥ፣ በቀን አንድ፣ ብሎ በወረቀት ጽፎ ወደ እኔ ላካቸው። ባመጣቸው የጭነት መኪና ከቀትር በኋላ መመለስ ነበረባቸው። ቤታቸው የሚናገሩት አገውኛ ስለሆነ አማርኛውን እየመረጡ፣ ቀስ እያሉ ነው የነገሩኝ። ትላንት ማታ ልጅቷ የራሷን ሕፃን አላወቀችውም አሉኝ።

አምስቱን ብልቃጥ አውጥቼ ፊታቸው ደረደርሁ። አንዱን አነሡና አዞሩት።

«መቀነቱ የታለ?»

ፋብሪካው ወረቀቱን ብቻ እንደለወጠ፣ ውስጡ ያው እንደሆነ አስረዳኋቸው። ደብዳቤውን አውጥቼ አሳየኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ፤ አላቋረጡኝም። ሰምተው ሲጨርሱ ብልቃጡን ቀስ ብለው ከጓደኞቹ ጋር መለሱት።

«አንተ የምትለው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ልጄ ግን አንዲት ናት» አሉኝ።

ከዚያም በገበያው ውስጥ ያ መርፌ ወጊ ባለ መቀነቱ እንዳለው ሰው እንደነገራቸው፣ ከእሱ ወስደው እንደሚሄዱ በትሕትና ነገሩኝ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ በሩ ዞሩ።

ደነገጥሁ። ያቺ ልጅ በኖራ ውሃ ተወግታ ስትሞት ታየኝ። ተናደድሁም፤ በእሳቸውም፣ በፋብሪካውም፣ በዚያ መርፌ ወጊም። ቆይ አባቴ፣ ጓዳ ውስጥ ጥቂት ባለ መቀነት ቀርቶኝ እንደሆነ ልይ አልኋቸውና ገባሁ። ደብተሬን ከተቆለፈበት አወጣሁት። አምስት ባለ መቀነት ወረቀት በእርጥብ ጨርቅ አራስሁና አነሣሁ፤ ከአምስት አዲስ ብልቃጥ ላይ ሰማያዊውን ልጬ ቀዩን በዱቄት ሙጫ ለጠፍሁ። እጄ ለሥራው ባዕድ አልነበረም። ያን ሁሉ ጊዜ ሌላው ሰው ያደርገዋል ብዬ የፈራሁትን ሥራ እኔ በሩብ ሰዓት ጨረስሁት።

ሽማግሌው መቀነቱን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ። ጣታቸውን ግን በወረቀቱ ላይ አሳረፉና ምነው ረጠበ አሉኝ። ቀዝቃዛ ቦታ ስለማስቀምጠው ነው አልሁ። አመኑኝ። መርቀውኝ ሄዱ። እኔም ነፍስ አዳንሁ ብዬ፣ በብልሃቴም ትንሽ ተደስቼ፣ ምሳዬን በላሁ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ አንድ ሾፌር ደብዳቤ አመጣልኝ። ከቆሰበሩ ድሬሰር ነው። ጽሑፉ አጭርና ንጹሕ ነበር፤ «ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ልከዋል። ወረቀቱም ተነሥቶ እንደገና የተለጠፈ ነው። መጥተው ካላስረዱ ለፖሊስ አቀርባለሁ። በሽተኛዋ አልተወጋችም።»

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት ሽማግሌውን ነው፤ በመንገድ ከመርፌ ወጊው ጋር ተለዋውጠው ይሆናል አልሁ። ቀጥዬ ድሬሰሩን ጠረጠርሁ፤ መድኃኒቱን ለራሱ ሊያስቀር ነው አልሁ። ራሴ ላይ የደረስሁት የምጠረጥረው ሰው ካለቀብኝ በኋላ ነው። ደብተሩን ከፈትሁ። ወረቀቶቹ ከተነሡበት ባዶ ቦታ ሥር በራሴ እጅ የተጻፈው አለ፤ «በጥር አበቃ»። ጊዜው ሐምሌ ነው። ልብ ካላየ ዐይን አያይም እንዲሉ፣ በየቀኑ ቀን ስቆጥር የኖርሁ ሰው ያን ዕለት ያየሁት መቀነቱን ብቻ ነው። የምስቅባቸውን ሰዎች ሆኜ ነበር። ውስጡ ደኅና የሆነውን መድኃኒት እኔ በውጭው አበላሸሁት፤ በዚህም ምክንያት አንዲት አራስ አንድ ቀን ተኩል ያለ መርፌ ተኝታለች። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ያልተከፈተ ካርቶን ይዤ ባገኘሁት የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ቆሰበር ስደርስ ጉሙ ወርዶ ቤቶቹን ውጧቸው ነበር፤ ክሊኒኩን ያገኘሁት የቀርከሃ አጥሩን በእጄ እየዳሰስሁ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ልጅቷ በአልጋ ላይ ናት። እናቷ ሕፃኑን ታቅፋ ከግርጌዋ ተቀምጣለች። ሽማግሌው ሲያዩኝ ተነሥተው ቆሙ፤ እንደ እንግዳ አክብረው ነው የተነሡት፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ድሬሰሩ ከእኔ በዕድሜ ያነሰ፣ ቀጭን፣ ኮቱ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነው። የሆነውን ሁሉ በሽማግሌው ፊት ተናገርሁ። ወረቀቱን ማን እንደለጠፈው፣ ለምን እንደለጠፈው፣ ውስጡ ግን አዲስና ደኅና እንደሆነ አልደበቅሁም። ድሬሰሩ አምስቱን ብልቃጥ ይዞ ወጣና ከደጁ ድንጋይ ላይ አንድ በአንድ ከሰከሳቸው። ነጩ ዱቄት ከጭቃው ጋር ሲቀላቀል አየሁ። ደኅና መድኃኒት ነበር፤ ሊያምነኝ የሚችል ሰው ግን በዚያ ግቢ አልነበረም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

ከዚያ አዲሱን ካርቶን አገላብጦ ማሸጊያውን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን መረመረ። በወረቀት ደረጃ እንከን የለውም አለኝ። «ግን አንዱን ወረቀት የለጠፈ እጅ ሌላውን መለጠፍ አይሳነውም» አለና ወደ ሽማግሌው ዞሮ ውሳኔውን ለእሳቸው ተወ።

ሽማግሌው አንዱን ብልቃጥ አንሥተው አዞሩት። መቀነት የሌለውን ብልቃጥ ትላንት አላመኑትም፤ መቀነት ያለውን አምነው ተታለሉ፤ ዛሬ ደግሞ ያው መቀነት የሌለው፣ በዚያው ባታለላቸው ሰው እጅ መጥቷል። ቢቀበሉትም ቢተዉትም የሚወድቀው በልጃቸው ላይ ነው። በመጨረሻ ቀና ብለው አዩኝ።

«ጠላ እንኳ ስታቀርብ ሴቲቱ አስቀድማ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች» አሉኝ። «አንተም ቅመስ። ከዚያችው ብልቃጥ።»

ድሬሰሩ ይህ መጠጥ አይደለም፣ ጤነኛ ሰው በከንቱ አይወጋም ብሎ ተቃወመ። እኔ ግን ክርክሩን አልሰማሁትም፤ ልቤ ሌላ ቦታ ሄዷል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው እንዳለ አውቅ ነበር። ሆስፒታል ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ከተወጋ ደቂቃ ሳይሞላው ፊቱ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት ሲወድቅ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ስሸጠው አንድ ቀን ተወግቼው አላውቅም። ለማንም የማልነግረው ፍርሃት ያዘኝ። እጅጌዬን ስጠቀልል ብልቃጡንም መጠርጠር ጀመርሁ። ሦስት ቀን መርምሬ ያመንሁትን፣ ለስንት ሰው የሸጥሁትን ብልቃጥ፣ ወደ እኔ ክንድ ሲመጣ ካርቶኑ በመንገድ ተከፍቶ ቢሆንስ፣ ደብዳቤው የውሸት ቢሆንስ እያልሁ ጠረጠርሁት። ሽማግሌው ትላንት ሱቄ ውስጥ ቆመው የተሰማቸው ይህ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው።

ድሬሰሩ መርፌውን ቀቀለ። ከአንዱ ብልቃጥ ጥቂት ቀዳና ወጋኝ፤ የቀረውን ለሷ አቆየ። ሽማግሌው ከፊቴ ቁጭ ብለው ዐይን ዐይኔን ያዩ ጀመር። እኔ ትንፋሼን እቆጥራለሁ፤ እሳቸው እኔን ይቆጥራሉ። ፊቴ ሳያብጥ፣ ጉሮሮዬም ሳይታፈን ብዙ ቆየን። ድሬሰሩ በቃ ልውጋት አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መርዝም ቢሆን ወዲያው አይታወቅም፣ እስከ ነገ ጧት እንየው አሉ።

ይህን ጊዜ ከአልጋው ላይ ድምፅ ተሰማ። እስካሁን ማንም ያልጠየቃት ልጅ ናት። በአገውኛ ነው የተናገረችው፤ ሁለት ሦስት ቃል ብቻ፣ ትንፋሿ ስለማይበቃ። እናቷ ወደ መሬት አየች። ሽማግሌው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ድሬሰሩ ምን አለች ሲል እናቷ በአማርኛ ነገረችው፤

«ነገ የእግዜር ነው፣ የኔ አይደለም፤ ውጉኝ አለች።»

ተወጋች። ማንም ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ትኩሳቷ በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ከቆሰበር አልሄድሁም፤ በየጧቱ ክሊኒኩ ደጅ ቆሜ የድሬሰሩን ፊት አነባለሁ። ሕፃኑን አምጡልኝ ማለቷን ስሰማ ጥግ ይዤ አለቀስሁ፤ አላፍርበትም። ድሬሰሩ ለፖሊስ አልከሰሰኝም። ይቅር ብሎኝ ይሁን፣ ማስረጃው ራሱ የሰባበራቸው ብልቃጦች ስለነበሩ ይሁን አላውቅም። ዳንግላ ስመለስ ደብተሩን አቃጠልሁት፤ ከዚያ ወዲህ ባዶ ብልቃጥ ወረቀቱ ሳይላጥ ተፈጭቶ ጉድጓድ ይገባል። ሴቶቹ ተቆጡኝ፤ ባለቤቴም አኮረፈችኝ። ያ መርፌ ወጊ በብልቃጡ ውስጥ ምን ይጨምር እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የውሸት ወረቀት ሲለጥፍ የተያዘው ግን እኔ ነኝ።

መስቀል ካለፈ በኋላ ሽማግሌው ሱቄ መጡ።  ልጅቷ ደኅና ናት፣ ሕፃኑም ክርስትና ተነሥቷል አሉኝ። አሁን የመጡት ለታመመ ጎረቤታቸው ነው፤ ያው ድሬሰር የጻፈውን ወረቀት ሰጡኝ። ሰማያዊውን ብልቃጥ አወጣሁና ፊታቸው አኖርሁ። አነሡት፤ አዞሩት። ቀና ብለው አዩኝ። የሸሚዜን እጅጌ መጠቅለል ጀመርሁ።

«ተወው» አሉኝ፤ «ክንድህን ምን አደርገዋለሁ። አንብብልኝ።»

በዚያ ሱቅ ስሠራ አንብብልኝ ያለኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። ከባንኮኒው ጀርባ ወጥቼ ከጎናቸው ቆምሁ። ብልቃጡን ለእኔ አልሰጡኝም፤ በእጃቸው እንደያዙት ጣታቸውን በመጀመሪያው መስመር ላይ አሳረፉና ጠበቁ። ስሙን አነበብሁ፤ ጣታቸው ወረደ። መጠኑን አነበብሁ፤ ወረደ። ቀኑ ላይ ስንደርስ ጣታቸው ቆመና ዐይናቸውን ከወረቀቱ አንሥተው ፊቴ ላይ አደረጉት። ያሻኝን ቀን ልጠራላቸው እንደምችል እኔም አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። የተጻፈውን አነበብሁላቸው።